የመሪ ቅሚያ

እኔ ንዴቴ ቅርብ ነው፤ እናቴ «አፍሽ ከእግርሽ ይቀድማል» ትለኛለች። ስለዚህ የሞጣው ነጋዴ ያን ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ ብቸና ካለው ግቢያችን ሲገባ ከአፌ የወጣው ሰላምታ አልነበረም።

«ሰው በሽተኛ ሊጠይቅ ሲመጣ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ አንተ የልጅ መጫወቻ ይዘህ መጣህ?» አልኩት።

ሳቀ። እሱ በእኔ ነገር አይቀየምም፤ እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሞጣ ውስጥ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በንግድ ከኖረ የሙስሊም ቤተሰብ የተወለደ ነው። ዛሬ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው፤ ከሱቁ ጎን ደግሞ ጌም ቤት ከፍቷል። በጉርምስናው ግን «ንግድ ሰለቸኝ» ብሎ ከቤት ኮብልሎ በአባቴ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኖ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ የሚኒባሷ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሞጣ! ሞጣ!» እያለ ሲጮህ ነው የማስታውሰው።

ካርቶኑን ከፈተው። የመኪና መሪ ነው፤ ከነፔዳሉ፣ ከነማርሹ፣ ከላፕቶፕ ጋር የሚገጠም።

«ሐኪሙ እጃቸውን ያሠሩ ብሏል አላልሽኝም?» አለ። «ጋሼ ኳስ ጨብጡ ቢባሉ አይጨብጡም። መሪ ከሆነ ግን ማን ያስለቅቃቸዋል?»

በዚህ እንኳ ልክ ነበር። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ብቸና ሲመላለሱ የኖሩ ሾፌር ናቸው። ባለፈው ክረምት ደም ግፊት ጣላቸው። ተመስገን ነው፣ አንደበታቸው ተመለሰ፣ እግራቸውም ተመለሰ፤ ግራ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ ጉልበት ግን የላቸውም። ሰው ሲመጣ ጋቢያቸው ውስጥ ይደብቁታል።

ሚኒባሷ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ጠዋት ጠዋት «ባትሪዋ እንዳይሞት» እያሉ ያስነሷታል፤ ካስነሷትም በኋላ መሪዋን ይዘው ቁጭ ይላሉ። በመስኮት ሆኜ አያቸዋለሁ። እፈራም ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ያቺ መኪና ባዶዋን አትሄድም፤ ሰው ነው የምትጭነው። አራስ ይዞ የሚሄድ አለ፣ ታማሚ ይዞ የሚሄድ አለ። አንድ ቀን ተነስተው «ልውጣ» ቢሉ በዚያ እጅ ስንቱን ሰው ይዘው ነው የሚወጡት? ማንስ ያቆማቸዋል? ቤታችን ውስጥ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረም፤ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም እንጂ።

ነጋዴው መሪውን ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ ያስረዳኛል። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ እንዲህ ያለ መሪ ግን ገጥሜ አላውቅም።

«ፎርስ ፊድባክ ይሉታል» አለኝ። «ውስጡ ሞተር አለው። ስክሪኑ ላይ ያለችው መኪና ጉድጓድ ስትገባ መሪው እጅሽን ይመታል። ስትታጠፊ ይከብዳል።»

«ይቀማል በለኝ» አልኩት።

ቅሚያን የአባቴ ቤት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ረዳት የሆነ ልጅ ቆይቶ ቆይቶ «አሁንስ መንዳት እችላለሁ» ሲል፣ አባቴ ከከተማው ወጣ አድርገው ሜዳ ላይ መሪ ያስይዙታል። እሳቸው ከጎኑ ይቀመጣሉ። ስለ ቤተሰቡ ይጠይቁታል፣ ያጫውቱታል፤ ከዚያ ልክ ማርሽ ሊቀይር አንድ እጁን ሲያነሳ፣ ሳይናገሩ እጃቸውን ሰደድ አድርገው መሪውን ይቀሙታል። መሪውን አጥብቆ ይዞ ከመለሰው ሾፌር ነው፤ መንጃ ፈቃዱን ያውጣ። ካስለቀቁት ግን አይቆጡም፣ አይሰድቡም። «በሩን ያዝ» ይሉታል። ወደ ረዳትነትህ ተመለስ ማለታቸው ነው። ይግባኝ የለም። «መንገድ ሲቀማህ አያስፈቅድህም» ይሉ ነበር። ይኸው ነጋዴ ሁለቴ ተቀምቶ ሁለቴ በሩን ይዟል፤ ከዚያ ነው ወደ አባቱ ሱቅ የተመለሰው።

ጠረጴዛችን ቀላል ስለሆነ መሪውን በማጥበቂያው ብናስረውም ተነቃነቀ። እናቴ ከጓዳ ጠፍር አመጣችና ጠረጴዛውን ከቋሚው ጋር አስራ ጠፈረችው። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የማያዩ መስለው ያያሉ። ኤሌክትሪኩን ስሰካው መሪው ብቻውን እስከ ጥግ ወደ ግራ ዞረ። ወዲያው ከአልጋው ብድግ ብለው በቀኝ እጃቸው ጭምድድ አደረጉት።

«አባዬ፣ ይልቀቁት! መሀሉን እየፈለገ ነው!»

«መሪ ብቻውን ሲዞር ቆሞ የሚያይ ሾፌር የት አገር ነው ያየሽ?» አሉ።

መሪው ዞሮ ዞሮ መሀሉን ራሱ ካላገኘ ሥራው ሁሉ ይዛባል። እሳቸው ስለያዙት መሀሉን የትም ላይ ጣለው። ሲነዱ ስክሪኑ ላይ ያለችው መኪና ወዲያው ወደ ግራ፣ ዛፍ ውስጥ። «የዚህች ጎማ አልተስተካከለም፤ ጋራዥ ውሰዷት» አሉና ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ነቅዬ እንደገና ሰካሁት፤ እስኪጨርስ ድረስ እናቴ እጃቸውን ይዛ ቆመች።

ከዚያ ነዱ። አቤት ሲነዱ! ዳገቱን፣ ኩርባውን፣ ቁልቁለቱን። ቀኝ እጃቸው ማርሹን ሲቀይር ግራ እጃቸው ብቻውን መሪውን ይይዛል፤ መሪውም እሺ ይላል። ነጋዴው አጨበጨበ። «ጋሼ ተመለሱ! ወላሂ ተመለሱ!» አለ። የአባቴ ፊት ወዝ አወጣ። እናቴ አላጨበጨበችም።

በማግስቱ ሱቄ ቁጭ ብዬ ሳለሁ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ መጣና «እንኳን ደስ አላችሁ» አለኝ።

«የምን?»

«አባትሽ ናቸዋ! ቅዳሜ ተራ ያዝልኝ፣ ሞጣ እወጣለሁ ብለውኝ ሄዱ። ደንበኞቻቸው ሁሉ ሰምተዋል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባቴ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ሰምታለች። የመኪናዋን ቁልፍ ሽሮ ዕቃ ውስጥ ቀብራዋለች።

«ቁልፍ ደብቀሽ እስከ መቼ?» አልኳት።

«እስከምሞት!» አለች።

አባቴ ሊጠመቁ ጠበል ወርደው ነበር። ነጋዴው ከመሪው ጋር የተወልንን የጌም ቤቱን ላፕቶፕ ከፍቼ የመሪውን ሴቲንግ አየሁ። ደሜ ነው የፈላው። የመሪውን ጠቅላላ ጉልበት የሚወስነው መስመር ላይ ያለችው ነጥብ ከታች ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ በታች ብትሄድ መሪው ጠፍቷል ማለት ነው። የመንገዱ ንዝረትም እንደዚያው ወርዷል። የተተወው መሪውን ዝም ብሎ ወደ መሀል የሚጎትተው ስፕሪንግ ብቻ ነው። እና ትናንት ያ ሁሉ ጉድጓድ፣ ያ ሁሉ ድንጋይ፣ ለአባቴ እጅ ምንም አልነገረም ማለት ነው። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ነው የነዱት።

ሞጣ ደወልኩ። «ሆን ብለህ ነው?» አልኩት፤ እንዴት ዋልክ እንኳን አላልኩም።

«ኧረ በአላህ! ጌም ቤት እያለ ያወረድኩት ነው። ጎረምሶቹ እየታገሉት ሞተሩን እንዳይጨርሱብኝ ብዬ። አምጥቼ ስገጥመው ረሳሁት።»

«ሲነዱ ግን አስታወስክ።»

«አስታወስኩ» አለ። «ፊታቸውን ስታዪው አንቺ ትናገሪ ነበር? አፌ ተያዘ።»

«አፍህ እንደተያዘ ሰው ሊያልቅልህ ነው!» ብዬ ዘጋሁበት። በኋላ ግን አዘንኩለት። እኔም ብሆን ያን ፊት አይቼዋለሁ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ዐይኗ በራ። «እንግዲያው ከፍ አድርጊዋ!» አለች። «እስከ ጥጉ! ይምታቸውና ይተዉት። እጃቸው ይታመም፣ ነፍሳቸው ትትረፍ።»

እውነቱን ልናገር፣ አማረኝ። አንድ ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። ነጥቧን እስከ መጨረሻው ገፍቼ «በሉ ይንዱ» ብላቸው፣ እንኳን የታመመ እጅ የጎረምሳም አይችለውም። ይወድቃሉ፣ ሚኒባሷም ትሸጣለች፣ እኛም እንቅልፍ እንተኛለን። ግን ደግሞ ያ ሌላ ውሸት ነው። እኚህ ሰው ስንቱን ረዳት ሲፈትኑ ከሚገባው በላይ ቀምተው ያውቃሉ? በጭራሽ። ልኩ የቱ ጋ እንደሆነ ደግሞ እኔ አላውቅም፤ መኪና ነድቼ አላውቅም። እናቴም አታውቅም። በቤቱ ውስጥ የሚኒባሷን መሪ ክብደት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም መንዳት የፈለገው ሰው ነው።

ዓርብ ዕለት ሱቄን ቶሎ ዘግቼ መጣሁ። መብራት የለም። የላፕቶፑ ባትሪ ቢኖርም መሪው ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም። ተቀመጥን። አባቴ ሸሚዛቸውን ራሳቸው አጥበው አስጥተውታል፣ ለነገ። ሰዓቱ ይሄዳል፣ መብራቱ አይመጣም። እናቴ በገባች በወጣች ቁጥር አምፖሉን ቀና ብላ ታያለች። እኔ ጥፍሬን በላሁ። «ዛሬ ካልመጣስ?» እላለሁ ለራሴ። «ነገ ጎህ ሲቀድ ሊወጡ?»

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አምፖሉ በራ።

«አባዬ» አልኳቸው። «ያን ቀን የነዱት መሪ ልክ አልነበረም። ጉልበቱ ወርዶ ነበር።»

ግራ እጃቸው ወደ ጋቢያቸው ገባ።

«ምን ያህል?»

«በጣም። ልኩን ግን እኔ አላውቀውም። እርስዎ ይቀመጡና ይንገሩኝ፤ በቃ እስኪሉኝ ድረስ እጨምራለሁ።»

«የልጅ መጫወቻ ነው» አሉ። «ነገ የእውነቷን እነዳ የለ?»

«ካልፈሩ ይቀመጡ!» አልኩ። እንዲህ ለአባት አይባልም። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። እሳቸው ግን ተነስተው ተቀመጡ።

መሪው ዞሮ መሀሉን ሲፈልግ በዚህኛው ጊዜ አልነኩትም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ያን የውሸት ስፕሪንግ አጠፋሁት። ጉልበቱን ትንሽ ጨመርኩ። ነዱ።

«አሁንስ?»

«ይህ ገና መናኸሪያ ውስጥ ነው። ጨምሪ።»

ጨመርኩ።

«ይህ ባዶዋን ነው። ሰው አልገባም። ጨምሪ።»

ጨመርኩ። መሪው ማጉረምረም ጀመረ፤ ጠረጴዛው ከነጠፍሩ ተንቀጠቀጠ። ግራ እጃቸው ላይ ያሉት ሥሮች ተገተሩ። ቀኝ እጃቸው እየረዳው ስለሆነ ገና ይይዛል። «በቃ» ይበሉ ብዬ ጸለይኩ፤ ወዲያው ደግሞ «በቃ አይበሉ» ብዬ ጸለይኩ። ምን እንደምፈልግ ራሴም አላውቅም ነበር። «ይህ ነው ልኩ» ቢሉኝ ማን ይመሰክርባቸዋል? እዚያች ላይ ቢያቆሙኝ ነገ ሞጣ ናቸው፤ እኔም ማመን ነው የሚኖርብኝ።

ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ እጆቻቸው እያዩ ቆዩ።

«ጨምሪ» አሉ።

«አባዬ...»

«ጨምሪ አልኩሽ! ከላይ ዕቃ ተጭኗል። ወንበሩ ሞልቷል።»

ጨመርኩ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጨመርኩ። ያኔ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እዚህ ጋ። ይህች ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ከደብረ ወርቅ ወዲያ፣ አስፋልቱ የተቆራረሰበት ጋ። የእኔዋ መሪ ይህች ናት።»

መስመሩን አየሁት፤ ነጥቧ ጥጉ ጋ አልደረሰችም። እናቴ ካለችው በታች፣ ነጋዴው ከተወው ግን በጣም በላይ ነበረች። እጄን አነሳሁ።

«በይ ቁልቁለቱን ስጪኝ። መጥፎውን መንገድ።»

ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ላይ በሁለት እጃቸው በደንብ ይዘው ወረዱ። መሪው ይመታል፣ ይመልሱታል። ይመታል፣ ይመልሱታል። እናቴ ከኋላቸው ቆማ ነጠላዋን ጨብጣለች። ከዚያ ኩርባው መጣና ማርሹን መቀነስ ነበረባቸው። ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ግራ እጃቸው ብቻውን ቀረ። ጎማው ጉድጓድ ገባና መሪው ቀማቸው። ጣቶቻቸው ተከፈቱ። መኪናዋ መንገዱን ለቀቀችና ገደሉን ወረደች።

«አንዴ ድገሚው» አሉ።

ደገምኩት። እዚያው ኩርባ ጋ ሲደርሱ ላብ ፊታቸውን አጥቦታል። ቀኝ እጃቸው ተነሳ፤ ግራው ጨበጠ፣ እንዴት አድርጎ እንደጨበጠ! መሪው ቀማቸው።

ያኔ ነው እናቴ የጮኸችው። «አውርጂው!» አለችኝ። «አውርጂላቸው! ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ? ይህ ዕቃ ነው፣ ዕቃ ምን ያውቃል?» እስከ ጥጉ አድርጊ ያለችኝ እሷ ናት እኮ! እያለቀሰች ላፕቶፑን ልትነካ እጇን ዘረጋች።

«እንዳትነኪው» አሉ አባቴ። «ልኩ ነው። ራሴ ነኝ ልኩ ነው ያልኩ።»

ግራ እጃቸውን ከመሪው ላይ በቀኛቸው አንስተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ይቅርታ ልጠይቃቸው ወይ ልቀፋቸው አላውቅም። ከዚያ ረዳቶቹን ሜዳ ላይ እንደሚሏቸው፣ ያለ ቁጣ፣ በዚያው ድምፅ፣

«በሩን ያዝ» አሉ።

ራት አልበሉም። ስልክ ደወሉ፤ ለማን እንደሆነ አልሰማሁም። ተኝተው ይሁን ነቅተው አላውቅም፣ ክፍላቸው ግን ፀጥ ብሎ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ጓዳ ሳለች ከደጅ ተጣሩ። «ቁልፉ አሁንም ሽሮው ውስጥ ነው? ነው ወይስ ወደ በርበሬው አዛወርሽው?» እናቴ ደነገጠች። ቁልፉን አራግፋ ሰጠቻቸው። የትናንቱን ሽንፈታቸውን አይታ እንዴት እምቢ ትበላቸው? ያን የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው ወጡ። የሚኒባሷ ድምፅ ከግቢ ሲወጣ እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ነጠላዬን እንኳን ሳልይዝ ወደ መናኸሪያው ሮጥኩ።

ሚኒባሷ ተራዋን ይዛ ቆማለች። መሪው ላይ የተቀመጠው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ከዓመታት በፊት አባቴ ቀምተውት መሪውን ያልለቀቀ፣ እሳቸው ሾፌር ያደረጉት። ማታ የደወሉት ለእሱ ኖሯል፤ መኪናዋን ከግቢ ያስወጣትም እሱ ነው። ዐይኔ ከፊት ወንበር ላይ አባቴን ፈለገ። የሉም። ያ ወንበር ላይ አንዲት አራስ ተቀምጣለች።

አባቴ በሩ ላይ ነበሩ። ቆመው፣ ቀኝ እጃቸው በሩን ይዞ፣ ግራ እጃቸው ያለ ጋቢ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

«ሞጣ! ሞጣ! የሞላ ሞጣ!»

ተራ አስከባሪው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ከፊት ይቀመጡ እንጂ! መኪናዋ የእርስዎ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ተቀምቻለሁ» አሉት። «የተቀማ በር ይይዛል። ለሰው ልጅ የደነገግኩትን ለራሴ ላፍርስ?»

ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ መሪውን ብቻ ያያል። እኔ የመናኸሪያው አጥር ጋ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰው ያየኛል ብዬም አላፈርኩም። በእሳቸው እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም አዝኜላቸው አላውቅም።

አዩኝ። «አንቺ! ሞጣ ነሽ?» ብለው እንደማያውቁኝ ጮኹብኝ። «ካልሆንሽ ዞር በይ፣ መንገድ አትዝጊ!»

መንገደኛው ሳቀ። መኪናዋ ሞላች። አባቴ ገቡና በሩን በግራ እጃቸው ሳቡት። አልመጣም። አንድ ወጣት ሊያግዛቸው ተነሳ፤ «ተቀመጥ፣ ሥራዬ ነው» አሉት። ቀኝ እጃቸውን ጨመሩበትና ዘጉት። ከዚያ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው የመኪናዋን ጎን መታ መታ አደረጉ።

«ሂድ!» አሉት ሾፌሩን።